የጓደኛዬን ስህተት የሰረቅኩበት ቀን

ሰው ከሰው ምን ይሰርቃል ብትባሉ ስልክ፣ ቦርሳ፣ አንዳንዴም ባል ትሉ ይሆናል። እኔ የሰረቅኩት ስህተት ነው። ያውም የቅርብ ጓደኛዬን ስህተት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ሦስት ሰዎች ወንበር ስበው ቁጭ ብለው እያዩኝ። ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ካነበበው አንድ ነገር ይተርፈው ይሆናል።

ያን ጊዜ በእፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ባሌ ውስጥ ሮቤ ከተማ ቤተሰቦቼ ጋ ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሳምንታት ቀርተው ነበር። ሥራ የፈለገ ሰው ይህችን ሁለት ዓመት ያውቃታል። ከዚያ በኋላ “ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተመረቀ” የሚለው ማስታወቂያ አይመለከታችሁም፤ “ሁለት ዓመት ልምድ ያለው” የሚለው ደግሞ ድሮም አልተመለከታችሁም። ስለዚህ ጎባ ላይ የስንዴ ገበሬዎችን የሚያግዝ አንድ ፕሮጀክት አንድ ጀማሪ የመስክ ባለሙያ እንደሚቀጥር ሲነገር፣ ለእኔ የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች። ለከዲጃም እንደዚያው።

ከዲጃ የዲንሾ ልጅ ናት። አራት ዓመት በአንድ ዶርም፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች ተኝተን ነው የተማርነው። እኔ ነጥቤ ከፍ ያለ፣ ደብተሬ የጸዳ፣ መምህር ሲጠይቅ እጄን የማወጣ ዓይነት ነበርኩ። እሷ ከጫማዋ ጭቃ የማይጠፋ፣ ፈተና ሲደርስ ከእኔ ደብተር የምታነብ። እናቴ “ይቺ ልጅ አፏና ሆዷ አንድ ነው” ትላት ነበር። ከእኔ አብልጣ ሳትወዳት አትቀርም። ከዲንሾ በጠዋት ተነስታ ጎባ በሰዓቱ መድረስ ስለማትችል ለቃለ መጠይቁ ዋዜማ እኛ ቤት መጥታ አደረች።

እስከ ራት ድረስ ተለማመድን። እኔ ከቴሌግራም ያወረድኩትን አርባ ጥያቄና መልስ በቃሌ ሸምድጄው ነበር።

“ድክመትሽ ምንድን ነው?” አለችኝ ከዲጃ፣ ድምጿን እንደ አለቃ አወፍራ።

“ሥራ ሳልጨርስ ማረፍ አልችልም። ለጥራት ከመጠን በላይ እጨነቃለሁ።”

“ይሄ ድክመትሽ ከሆነ ጥንካሬሽ ሊገድለን ነው!” ብላ ትራስ ወረወረችብኝ።

“አንቺስ ምን ልትዪ ነው?”

“በዚያ ሰዓት አላህ የሰጠኝን።”

ነጥቧን አሰብኩና በሆዴ አዘንኩላት። ማዘን የነበረብኝ ለራሴ ነበር።

በማግስቱ ከሦስት ሰዓት በፊት ጎባ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ ገና ከግቢው አልተነሳም። ዘጠኝ ተፈታኞች በረንዳው ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። የስም ዝርዝሩ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ተራ፣ በሩ ላይ ተለጥፏል። ከዲጃ አምስተኛ ናት፤ እኔ ሰላማዊት ስምንተኛ።

በእኛ አገር ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ። የወጣ ላልገባ ይናገራል። በሩን ዘግቶ የወጣውን ሰው ሁሉም ከብቦ “ምን ጠየቁህ? ምን መለስክ?” ይለዋል። ዝም ብሎ ጥሎ የሄደ “ምቀኛ” ተብሎ ይታማል። ሲታሰብ ለአንዲት ቦታ የምንሻማ ባላንጣዎች ነን፤ ግን መደበቅ ነውር ነው፣ ይነገራል።

የመጀመሪያው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። “ድክመትህ ምንድን ነው አሉኝ። ‘ለጥራት ከመጠን በላይ እጨነቃለሁ’ ስላቸው ሽማግሌው ሳቁብኝ” አለ። ሁለተኛው ወጣ፤ ያው። ሦስተኛዋ ስትወጣ ሽማግሌው ያሏትን ቃል በቃል ደገመችልን፦ “ዛሬ የገባው ሁሉ ድክመቱ ሥራ መውደድ ነው። ታዲያ እዚህ ባሌ ውስጥ ያለው ሥራ ለምን ሳይሠራ ቀረ?”

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አርባው መልሴ እዚያው አግዳሚው ላይ ዋጋ አጣ።

ከዲጃ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። የከበቧትን በአጭሩ መልሳ እኔን ክንዴን ይዛ ወደ ውኃው ታንከር ጥግ ወሰደችኝ።

“ስሚኝ ሰላሜ፣ ሥራ ላይ ያጠፋሽውን ንገሪን ይላሉ። የተሸመደደውን ተይው። እኔ የኦቦ ሁሴንን ነገር ነገርኳቸው።”

“የምን ኦቦ ሁሴን?”

ለእኔም ነግራኝ አታውቅም ነበር። ተማሪ ሳለን ለሥራ ልምምድ አጋርፋ አጠገብ በተመደበችበት ቀበሌ ኦቦ ሁሴን፣ አቶ ሁሴን እንደ ማለት ነው፣ የሚባሉ አንድ ገበሬ የስንዴ ቅጠል በኪሳቸው ይዘው ይመጡባታል። ቅጠሉ ቢጫ ቢጫ ይላል። ከዲጃ በኩራት “ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ ዩሪያ ይጨምሩበት” ትላቸዋለች። ሰውዬው አምነው ይጨምራሉ። ነገሩ ግን ዋግ የሚሉት፣ ቅጠሉን ቢጫ ዱቄት የሚያለብስ የስንዴ በሽታ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡና ምንም ሳይናገሩ ቆመው ሱሪያቸውን አሳዩአት። ማሳቸውን አቋርጠው ሲመጡ የዋጉ ዱቄት እስከ ጉልበታቸው ቢጫ አድርጎት ነበር።

“ከዚያ ለአለቃዬ ‘ያጠፋሁት እኔ ነኝ’ አልኩና የጎረቤት ማሳ እንዳይያዝ ቤት ለቤት ዞርኩ። የእሳቸው ግን ጠፋ” አለች። “ወላሂ፣ ስናገር አለቀስኩ። ግን አዳመጡኝ። አንቺም የራስሽን አንድ ነገር አስቢ። ጥፋት የሌለው ሰው የለም።”

ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ቀርቶ ነበር። አሰብኩ። የራሴን ጥፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ጻድቅ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ልምምዴን የጨረስኩት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ነው። ሰንጠረዥ አሳምሬ ስለምሠራ አለቃው “አንቺ እዚሁ ሁኚልኝ” አለ፤ እኔም ጫማዬ ስላልቆሸሸ ደስ አለኝ። ሳልሠራ ምን ላጠፋ ኖሯል? ይህንን ግን ያን ቀን እንደ መልስ አልቆጠርኩትም። እንደ ባዶነት ቆጠርኩት።

“ሰላማዊት!”

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት ነው፤ አጠገቡ መልስ የምትጽፍ ሴት፤ ዳር ላይ ደግሞ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ኦቦ ጀማል የሚባሉ የድሮ የግብርና ባለሙያ። ጥያቄው አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ሁሉንም በአማርኛ ልጻፍላችሁ። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ እንደ ውኃ ፈሰስኩ። ኃላፊው ነጥቤን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ልቤ ሞቅ አለ።

ኦቦ ጀማል ወደ ፊት ጠጋ አሉ። “ልጄ፣ ሥራ ላይ ያጠፋሽውን አንድ ነገር ንገሪኝ። የተማርሽበትን ብቻ ሳይሆን የጎዳሽውንም ሰው።”

አፌን ስከፍት ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ምሕረት እንዲያሰጠኝ አይደለም የምናገረው።

“በልምምድ ጊዜዬ አንድ ገበሬ የስንዴ ቅጠል ይዘው መጡብኝ…”

የሴትየዋ እስክሪብቶ ቆመ። ኃላፊው ከላፕቶፑ ቀና አለ። ወደዱልኝ አልኩ! የሚገርማችሁ ይሄ ነው፤ ወደዱልኝ ብዬ ጨመርኩበት። አጋርፋን ትቼ ሌላ ወረዳ አደረግኩት። ኦቦ ሁሴንን ኦቦ አደም አልኳቸው። ያንን ቢጫ ሱሪ ግን መተው አቃተኝ፤ በጣም ያምር ነበር።

ስጨርስ ኃላፊው ኦቦ ጀማልን አያቸው።

“ከዚያ በኋላ ገበሬውን አግኝተሻቸው ታውቂያለሽ?” አሉ ኦቦ ጀማል።

ይህንን ከዲጃ አልነገረችኝም። “አዎ” አልኩ። “ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መርቀው ሸኙኝ።”

“መረቁሽ?”

“አዎ፣ አባቴ።”

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “ይህ ነገር በራስሽ የደረሰ ነው?”

ያኔ ገባኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ከዲጃ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ተናግራለች። እንዴት እስከዚያች ደቂቃ እንዳልታሰበኝ ዛሬም አላውቅም። መመለሻው በር ገና አልተዘጋም ነበር፤ ሰውዬው ራሳቸው ከፍተው ይዘውልኛል። እኔ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ።

“አዎ፣ የራሴ ነው።”

ኃላፊው ለኦቦ ጀማል በቀስታ “ሁለቱንም መሰረዝ ነው” ሲላቸው ሰማሁት። እሳቸው በእጃቸው ቆይ አሉት። “መልካም። ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሻለሽ። ከከዲጃ ጋር።”

ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ በረንዳው ላይ ወጥታ ከሰዓት የሚመለሱትን ሦስት ስሞች ጠራች። አንድ የጎባ ልጅ፣ ከዲጃ፣ ሰላማዊት። ከዲጃ ዘልላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ድንጋጤዬን ደስታ አደረገችው።

መንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብተን ፓስቲና ሻይ አዘዘች። ወዲያው ለእናቷ ዲንሾ ደወለች። “ሀርሜ! አልሐምዱሊላህ፣ ለሁለተኛው ዙር አለፍኩ! ሰላምም አልፋለች። አዎ፣ ሁለታችንም! ዱዓ አድርጊልን።” የእናቷ እልልታ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ጎን ያሉት ሰዎች ዞረው ፈገግ አሉልን። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ!

“ከዲጃ፣ አንድ ነገር…”

“ምን?”

“ሻዩ ስኳር በዝቶበታል።”

ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ወደ ሌላ አዞርኩት። ምናልባት አይጠይቁም ይሆናል እላለሁ። ምናልባት እውነተኛ ሁለተኛ ዙር ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ የባሰው ሐሳብ መጣ፦ ነጥቤ ከእሷ ይበልጣል፤ ከሁለታችን አንዳችንን ማመን ካለባቸው እኔን ያምኑኛል። ይህን ሳስብ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትልቁን ፓስቲ ወደ እኔ እየገፋች ነበር። ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለታችንን አንድ ላይ አስገቡን። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከዲጃ እየሳቀች ተቀመጠች።

“ከዲጃ” አለ ኃላፊው፣ “ጠዋት የነገርሽን የስንዴው ታሪክ የራስሽ ነው?”

“አዎ፣ የራሴ ነው።”

“ሰላማዊትም የራሴ ነው ብላ ነግራናለች። ሱሪው ሳይቀር።”

ከዲጃ ዞራ አየችኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር፤ የፈገግታዋ ጫፍ ገና ከንፈሯ ላይ አለ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። “ሌባ” ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም።

ኃላፊው ያንን ዝምታ እሷም የምትደብቀው እንዳላት አድርጎ ተረጎመው። “የማን እንደሆነ ካልተለየ እኛ ዳኞች አይደለንም። ሁለታችሁንም እንሰርዛለን” አለና እስክሪብቶ አነሳ። ወረቀቱ ላይ ስማችን አንዱ ከሌላው በላይ ተጽፏል። ከዲጃ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ እንደ ዶርም አልጋችን። እስክሪብቶው በእሷ ስም ጀመረ። ጫፉ ወረቀቱን ሲነካ አየሁት።

“የእሷ ነው!”

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ኃላፊው እጁን አላነሳም፤ አንገቱን ብቻ ቀና አደረገ።

“ታሪኩ የእሷ ነው። ስትወጣ ነገረችኝ፤ የራሴን እንዳስታውስ ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ወሰድኩት። እሷ አታውቅም። ይኸው አሁን ነው ያወቀችው።”

ኦቦ ጀማል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “እኔስ ጠርጥሬ ነበር” አሉ። “ይህቺ ልጅ ‘እስከ ዛሬ ሄጄ የገበሬውን ዓይን ማየት አልቻልኩም፤ ገበያ ላይ ካየኋቸው በሌላ መንገድ ነው የማልፈው’ ነው ያለችን። አንቺን ደግሞ መረቁሽ። ልጄ፣ የራስሽ ምንም የለሽም?”

“የለኝም፣ አባቴ። ልምምዴን ቢሮ ነው የጨረስኩት። ማሳ አልረገጥኩም።”

“ይህንኑ ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

ኃላፊው በሩን አሳየኝ። ከዲጃ ለቀሪው ፈተና እዚያው ቀረች።

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። አዳንኳት ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ! አሥር ሰዓት ላይ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። አንደኛ የጎባው ልጅ። ከዲጃ ተጠባባቂ። ኋላ እንደሰማሁት፣ በላስቲክ የታሸጉ የታመሙ ቅጠሎች ሰጥተው “ለዩ” ብለዋቸው ነበር። የጎባው ልጅ ግማሹን ለየ። ከዲጃ፣ ያን ሁሉ ገበሬ ቤት የዞረችው ከዲጃ፣ ቅጠሎቹን እያገላበጠች ለአብዛኛው “አላውቅም” አለች።

ወደ ሚኒባሱ አብረን ሄድን፤ ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የምሄደው። መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ ቆመች።

“ታሪኩን መውሰድሽ አይደለም” አለች፣ ሳታየኝ። “ሰው ሲጨንቀው የያዘውን ይናገራል። ይገባኛል ወላሂ። ግን እናቴ እልል ስትል አጠገቤ ተቀምጠሽ ሻይ ጠጣሽ።”

“ከዲጃ…”

“አሁን መልሼ ልደውልላት ነው። ምን ልበላት?”

ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ገባች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሮቤ ስንደርስ እኛ ቤት የተወችውን ዕቃ አልወሰደችም፤ ቀጥታ የዲንሾውን መኪና ተሳፈረች። ሻንጣዋን በማግስቱ እናቴ ናት በሰው የላከችላት። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ሻንጣውን እየዘጋች ብቻዋን ስታለቅስ አየኋት።

እናንተ ነገ ተነገ ወዲያ እንዲህ ያለ አግዳሚ ላይ የምትቀመጡ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ምክር ትሰማላችሁ። ዓይን እያዩ ተናገሩ፣ ሸሚዝ ተኩሱ፣ ደመወዝ ቀድማችሁ አትጠይቁ። መልካም ነው። እኔ የማውቀው ግን አንድ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚያጠፋን መልስ ማጣታችን አይደለም፤ በማጣታችን ማፈራችን ነው። “ማሳ አልረገጥኩም፣ መርገጥ እፈልጋለሁ” ብዬ ብወድቅ ሥራ አጥቼ ጓደኛዬን ይዤ እመለስ ነበር። ደግሞም እውነት መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓት አለው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብናገር ከዲጃ ታዝንብኝ ነበር፣ ትሰድበኝ ነበር፣ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ድንጋጤዋን አሳልፋ ትገባ ነበር። እኔ የተናገርኩት የእስክሪብቶውን ጫፍ ሳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አጋርፋ ሄጄ ያለ ደመወዝ ገበሬ የምታማክር አንዲት የልማት ሠራተኛ እየተከተልኩ ሰባት ወር ማሳ ለማሳ ዞርኩ። አጠፋሁም፤ አንድ አዛውንት ዘር ሲዘሩ የመስመሩን ስፋት አሳስቼ ነግሬያቸው ሁለት ቀን አብሬ ቆፍሬአለሁ። ዛሬ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የዘር ብዜት ላይ እሠራለሁ። ሲቀጥሩኝ ያ ጥያቄ መጣ፤ ያዛውንቱንም የጎባውንም ነገርኳቸው። ቀጣሪዬ የጎባውን ሲሰማ ፊቱን አጨፈገገ፤ እንደማይወደው ገባኝ፤ ግን ቀጠረኝ።

ከዲጃም ከዓመት በላይ ጠብቃ ዲንሾ አካባቢ ሥራ ይዛለች። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሦስተኛው ላይ “አውፍ ብዬሻለሁ” አለችኝ፣ እንደማትዋሽም አውቃለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ሮቤ ገበያ እንገናኛለን። የባሌ ሰው ሰላምታ ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቤቱ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፣ የጎረቤት ጥጃ ሳይቀር። ከዲጃ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የምትጠይቀው። እኔ ጋ ስትደርስ “ነጋዻ?” ትለኛለች፣ “ሰላም ነው?” ማለት ነው። “ነጋ” እላታለሁ። ከዚያ ዘንቢሏን አስተካክላ ታልፋለች። እናቴን እንኳ አትጠይቀኝም።